ምዕራፍ ሰባት፦ የመንገድ ትኬትና የፍርድ ቤት ቀጠሮ

ባለፈው ምዕራፍ አከራይ ስለሚልከው የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ስናወራ አንድ ነገር ጨብጠናል፦ ወረቀቱ በር ላይ ተለጠፈ ማለት ተከራዩ ከቤት ወጣ ማለት አይደለም። አከራዩ ዳኛ ፊት ቀርቦ ማስረዳት አለበት። ይህ ምዕራፍ ያንኑ ሐሳብ ከቤት አውጥቶ መንገድ ላይ ያቆመዋል። ስለ ኪራይ ይህን በሚገባ የተረዳ ሰው መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ይዘነጋዋል። ከኋላው የፖሊስ መብራት ብልጭ ሲል ይደነግጣል፤ ወረቀቱን ሲቀበል ደግሞ «ተቀጣሁ» ይላል። ገና አልተቀጣም። ተከሰሰ እንጂ አልተፈረደበትም። በመከሰስና በመፈረድ መካከል ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል እናያለን።

ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። ስለዚህ ምሳሌያችንን ቨርጂኒያ ላይ እንተክላለን። አንደኛው ምክንያት በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ብዙ ኢትዮጵያዊ መኖሩ ነው፤ ከመካከላቸው ታክሲ፣ ኡበር ወይም የጭነት መኪና እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ጥቂት አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ቨርጂኒያ ፍጥነትን እንደ ቀላል ነገር አለማየቷ ነው። ሌላ ቦታ በገንዘብ የሚያልፍ ጥፋት እዚያ ወንጀል ሆኖ ዳኛ ፊት ሊያስቆም ይችላል።

ጸሐፊው አለ እንጂ ዳኛው አላለም

ዕቁብ የጣለ ሰው የዚህን ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ያውቀዋል። ዕቁቡ ጸሐፊ አለው፤ ዳኛም አለው። አንድ እሑድ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «አቶ እከሌ ያለፈውን ሳምንት አልከፈሉም» ይላል። ጸሐፊው የተከበረ ሰው ነው፤ መዝገቡም በእጁ ነው። ሆኖም ቃሉ ክስ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ውሳኔው የዳኛው ነው። ዳኛውም አቶ እከሌን «መክፈልህን አስረዳ» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ጸሐፊውን «እስቲ መዝገቡን አሳየን» ይለዋል።

አቶ እከሌ በዚህ ጊዜ ሦስት መንገድ አላቸው። አንዱ ለጭቅጭቅ ጊዜ የለኝም ብሎ ገንዘቡን ከነቅጣቱ መክፈል ነው። ያኔ ነገሩ ይበርዳል፤ የጸሐፊው ቃል ግን እውነት ሆኖ መዝገብ ላይ ይቀራል። ዕጣ ወጥቶላቸው ዋስ ሲጠሩም ያቺው መስመር ትነሳለች። ሁለተኛው «መዝገቡ ይታይልኝ» ማለት ነው። ሦስተኛው «እውነት ነው፣ አጓድያለሁ፤ ግን ስንት ዓመት አብሬያችሁ ስከፍል አንድ ቀን አላጓደልኩም» ብሎ ቅጣቱ እንዲቀልላቸው መጠየቅ ነው።

የቨርጂኒያ ፍርድ ቤትም በዚሁ መልክ ይሠራል። ፖሊሱ እንደ ጸሐፊው ነው፤ አየሁ፣ ለካሁ፣ ጻፍኩ ይላል። ወስኛለሁ ማለት ግን አይችልም። የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ለትንሿ የመንገድ ጥፋት እንኳ አሽከርካሪው ጥፋቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው ይላል። «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» ማለት ማስረጃውን የሰማ አስተዋይ ሰው በምክንያት የሚጠራጠርበት ቀዳዳ ሲያጣ ማለት ነው። በወንጀል ሕግ ከዚህ የሚከብድ መመዘኛ የለም። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

በመጀመሪያ ወረቀቱን ማንበብ

ፖሊሱ ወረቀቱን ሲሰጥ ፈርሙ ይላል። ብዙ ሰው ከፈረምኩ አመንኩ ብሎ ይፈራል። ፊርማው ግን «በተባለው ቀን እቀርባለሁ» የሚል ቃል ኪዳን እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም። ስለዚህ መንገድ ዳር ቆሞ በፊርማ መከራከር ጥቅም የለውም። ክርክሩ ሌላ ቀንና ሌላ ቦታ አለው።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ፦ የትኛው የሕግ አንቀጽ እንደተጠቀሰ፣ የትኛው ፍርድ ቤት በስንት ሰዓት እንደሚጠራ፣ መቅረብ ግዴታ መሆን አለመሆኑ። አንቀጹ ወሳኝ ነው። ምክንያቱም የመንገድ ጥፋት ሁለት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው ደረጃ ደንብ መተላለፍ ነው። በመጠኑ መፍጠን፣ ቀይ መብራት መጣስ፣ የማቆሚያ ምልክት ላይ አለመቆም እዚህ ይገባሉ። ቅጣቱ ገንዘብ ነው፤ በአብዛኛው ከ250 ዶላር አይበልጥም፤ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመርበታል። እስር የለበትም።

ሁለተኛው ደረጃ የእኛ ሰው «ሬክለስ» የሚለው በግዴለሽነት ማሽከርከር ነው። ይህ ወንጀል ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ሲሆን ዳኛው መንጃ ፈቃድን እስከ 6 ወር ሊያግድ ይችላል። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ወደዚህ ደረጃ ለመግባት መስከር ወይም ሰው መግጨት አለማስፈለጉ ነው፤ ፍጥነት ብቻውን ይበቃል። ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በዚህ አንቀጽ ሊከሰስ ይችላል። 85 ማይል ወደ 137 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ገደብ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 አጋማሽ ድረስ 80 ማይል ነበር።

ቁጥሮቹን በምሳሌ እንያቸው። 70 ማይል በተፈቀደበት አውራ ጎዳና 86 የነዳ ሰው ከገደቡ ያለፈው በ16 ማይል ብቻ ነው። ከ85 በላይ ስለሆነ ግን ወንጀል ነው። 35 ማይል በተፈቀደበት የከተማ መንገድ 55 የነዳም እንዲሁ በወንጀል ሊከሰስ ይችላል፤ ያለፈው ልክ በ20 ማይል ነውና። ሁለቱም አሽከርካሪዎች ከጎናቸው ከሚሄደው መኪና በተለየ ፍጥነት የነዱ አይመስላቸው ይሆናል። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት አንቀጹን ማወቅ የሚያስፈልገው።

መክፈል ማመን ነው

ለደንብ መተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ መክፈል ይቻላል። እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ያሳስተናል። አገር ቤት ቅጣቱ ተከፍሎ መንጃ ፈቃድ ከተመለሰ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። በቨርጂኒያ ከቀጠሮ በፊት መክፈል ዳኛ ፊት ቆሞ «ጥፋተኛ ነኝ» እንደማለት ይቆጠራል። ፍርዱ መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ወደ ዲኤምቪ ይተላለፋል፤ እዚያም ነጥብ ይያዛል።

ነጥቡ እንዲህ ይሰላል። ከ1 እስከ 9 ማይል ያለፈ ፍጥነት 3 ነጥብ፣ ከ10 እስከ 19 ያለፈ 4፣ 20 እና ከዚያ በላይ 6 ነጥብ ያስይዛል። በግዴለሽነት ማሽከርከርም 6 ነው። ነጥቡ ለ2 ዓመት ይቆያል፤ የግዴለሽነቱ ፍርድ ራሱ ግን በአሽከርካሪው መዝገብ ላይ ለ11 ዓመት ይነበባል። በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ፣ ወይም በ24 ወር ውስጥ 18 ነጥብ ያጠራቀመ ጎልማሳ በ90 ቀን ውስጥ የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርት እንዲጨርስ ይገደዳል። በሌላ በኩል ያለ ጥፋት ላለፈ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መልካም ነጥብ ይገኛል፤ እስከ አምስት ይጠራቀማል።

ኢንሹራንሱ ይህንን መዝገብ ያያል። ታክሲ የሚያሠማራው ድርጅት፣ ኡበርና ሊፍትም ያዩታል። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በፌዴራል ደንብ መሠረት በ15 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ ፍጥነትም ሆነ በግዴለሽነት ማሽከርከር «ከባድ ጥፋት» ይባላል፤ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከባድ ጥፋት ያለበት ሰው ለ60 ቀን፣ ሦስት ያለበት ለ120 ቀን ከጭነት መኪና መሪ ይርቃል። መቶ ዶላር ከፍሎ ተገላገልኩ ያለ ሰው ኋላ የሁለት ወር እንጀራውን ያጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ ማለት መክፈል ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። መዝገቡ ንጹሕ የሆነ፣ በጥቂት ማይል ያለፈና አንድ ቀን ሥራ መቅረት የሚጎዳው ሰው ከፍሎ ቢተወው ይሻለው ይሆናል። ምርጫው ግን ምን እንደሚያስከትል ታውቆ ይሁን። ለወንጀል ክስ ይህ ምርጫ የለም፤ በግዴለሽነት የተከሰሰ ሰው ቀጠሮውን ከፍሎ ሊያልፈው አይችልም።

«ጥፋተኛ አይደለሁም» ማለት መዋሸት ነውን?

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ይባላል። እዚያ የሚፈርደው ዳኛ ብቻ ነው። ዳኛው ስም ጠርቶ ክሱን ካነበበ በኋላ የእምነት ክህደት ቃል ይጠይቃል። ሦስት መልስ አለ፦ «ጥፋተኛ ነኝ»፣ «ጥፋተኛ አይደለሁም»፣ «አልከራከርም»። ሦስተኛው አላምንም፣ ግን አልሟገትም ማለት ነው፤ ዳኛው በዚያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል።

እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። መፍጠኑን ያውቃል፤ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ቢል የዋሸ ይመስለዋል። ወደ ዕቁባችን እንመለስ። አቶ እከሌ «መዝገቡ ይታይ» ሲሉ ከፍያለሁ ብለው አልማሉም። የጸሐፊው ቃል እንዲመረመር ጠየቁ እንጂ። «ጥፋተኛ አይደለሁም» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ያለ መሐላ የሚሰጥ ሲሆን ትርጉሙ «ከሳሽ ያስረዳ» ነው። ዳኛውም በዚያ አይቀየምም፤ የተቀመጠው ለዚያ ነው።

ውሸት የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። ተከሳሹ ምስክር ሆኖ ቃል ልስጥ ካለ ይምላል፤ ከማለ በኋላ እውነት ብቻ መናገር አለበት። ግን እንዲመሰክር ማንም አያስገድደውም። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ መሠረት ተከሳሽ ዝም ማለት ይችላል፤ ዝም በማለቱም ጥፋተኛ ነው አይባልም። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶች ለዚህ የተናገሩት ይመስላል።

የዝምታው ነገር የሚጀምረው መንገድ ዳር ነው። ፖሊሱ መኪናውን አስቁሞ «ለምን እንዳስቆምኩዎ ያውቃሉ?» «ስንት ይነዱ ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «ሰማንያ ብቻ ነው» የሚለው መልስ ፍርድ ቤት ውስጥ የተከሳሹ የራሱ ቃል ሆኖ ይቀርባል። መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ወረቀት መስጠት ግዴታ ነው። ፍጥነትን መናዘዝ ግን ግዴታ አይደለም። እጅን መሪ ላይ አድርጎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «መልስ ባልሰጥ ይሻላል» ማለት ይቻላል። ትሕትናው ለደኅንነትም ለኋላም ይጠቅማል፤ ፖሊሱ ያየውን ጠባይ ለዳኛው ሊናገር ይችላልና።

ማስረጃው ሲመረመር

በቀላል ጉዳይ ብዙ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ አይቆምም። ፖሊሱ ራሱ ምሎ ያየውን ይናገራል፤ ተከሳሹ ወይም ጠበቃው ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ድራማ ሳይሆን መዝገቡን ገልጦ ማየት ነው።

ፍጥነት በአብዛኛው በራዳር፣ በሌዘር፣ ወይም ፖሊሱ በእኩል ፍጥነት ተከትሎ የራሱን መኪና ቆጣሪ በማየት ይለካል። መሣሪያ ሊሳሳት ስለሚችል የቨርጂኒያ ሕግ መሣሪያው ትክክል መሥራቱ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ይጠብቃል። ፈተናው ከ6 ወር በላይ ካለፈው አያገለግልም። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ «መሣሪያው የተፈተነበት ወረቀት አለ? ቀኑ መቼ ነው?» የሚል ነው። ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ፦ በርካታ መኪናዎች ከነበሩ የተለካው የትኛው ነው? የፍጥነት ምልክቱ የት ተተክሏል? ክሱ ላይ የተጻፈው ቦታ ትክክል ነው?

በተከሳሹም በኩል የሚቀርብ ነገር አለ። የመኪናው ፍጥነት ቆጣሪ ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ በመካኒክ አስመርምሮ በመሐላ የተረጋገጠ ውጤት ማቅረብ ይቻላል፤ ሕጉ ፍርድ ቤቱ ይህን ማስረጃ እንዲቀበል ያዛል። ቆጣሪው 60 ሲል መኪናው 66 ይሄድ የነበረ ከሆነ ይህ ከወንጀል ወደ ደንብ መተላለፍ ሊያወርድ የሚችል ልዩነት ነው።

ፖሊሱ ባይመጣስ? ክሱ ሊሰረዝ ይችላል። ግን ዳኛው ቀጠሮ ሊለውጥም ስለሚችል ይህን ተስፋ አድርጎ መሄድ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ተከሳሹ ባይመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በደንብ መተላለፍ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። በወንጀል ክስ ዳኛው የመያዣ ትዕዛዝ ሊያወጣበት ይችላል፤ አለመቅረቡም ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ይሆንበታል። ብዙ ሰው የሚወድቀው አድራሻ ቀይሮ ደብዳቤ ሳይደርሰው በመቅረቱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የቀየረ አሽከርካሪ በ30 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤ አልደረሰኝም የሚለው ምክንያት አድራሻ ላላስመዘገበ ሰው አያዋጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን ይገባዋል?

እስካሁን ያየነው «ተረጋግጧል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ማስረጃው ጠንካራ ከሆነ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ ለዚህ ሰው ምን ይገባዋል? የአቶ እከሌ ሦስተኛ መንገድ ይህ ነበር። በመንገድ ጉዳይ ብዙ ክርክር የሚያልቀው እዚህ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ ለዚህ በር አስቀምጧል። በግዴለሽነት የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ ቀላል ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ክሱን «አግባብ ያልሆነ አነዳድ» ወደሚባል አንቀጽ ሊያወርድለት ይችላል። ይህ ወንጀል መሆኑ ቀርቶ ደንብ መተላለፍ ይሆናል፤ ቅጣቱም ከ500 ዶላር አይበልጥም፤ ነጥቡም ከ6 ወደ 3 ይወርዳል። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ግን የወንጀል መዝገብ በመያዝና ባለመያዝ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ዳኛው ወደዚያ እንዲያዘነብል የሚረዳው ልመና ሳይሆን ወረቀት ነው። ከቀጠሮ በፊት የአሽከርካሪ መዝገብን ከዲኤምቪ አውጥቶ መያዝ፣ የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርቱን ማንም ሳያዝ ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ማቅረብ፣ የቆጣሪ ምርመራ ካለ ማያያዝ። ትምህርቱ 8 ሰዓት ይፈጃል፤ በፈቃድ ለወሰደው ደግሞ እስከ 5 መልካም ነጥብ ያስገኛል። ከችሎቱ በፊት ፖሊሱን በትሕትና ማነጋገርም ይቻላል። ፖሊሱ በቅጣት ማቅለያው የሚስማማ ከሆነ ዳኛው ይሰማዋል።

ምን ማለት እንደማይገባም ማወቅ ጥሩ ነው። «ሁሉም ሰው በዚያ ፍጥነት ይነዳ ነበር» የሚለው መከላከያ አይሆንም፤ መፍጠንን ማመን ነው። «ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ደንበኛ አስቸኩሎኝ ነው» የሚለው ደግሞ ዳኛውን ነገም ይፈጥናል ብሎ እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

አስተርጓሚ እና ጠበቃ

የእንግሊዝኛ ችግር የሌለበት ሰው እንኳ የችሎት እንግሊዝኛ ሊያስቸግረው ይችላል። በወንጀል ጉዳይ እንግሊዝኛ ለማይናገር ተከሳሽ ቨርጂኒያ አስተርጓሚ በነፃ ትመድባለች። ቀጠሮው ሳይደርስ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ደውሎ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ያስፈልጋል፤ በቀኑ ብቻ ከተጠየቀ ጉዳዩ ሊቀጠር ይችላል። ልጅን ወይም ጓደኛን እንዲያስተረጉም ይዞ መሄድ አይመከርም። «ጥፋተኛ ነኝ» እና «አዝናለሁ» የሚሉት ቃሎች አፍ ላይ ቢቀያየሩ መዘዙ ለተከሳሹ ነው።

ስለ ጠበቃ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ወስኗል፦ ጥፋቱ ምንም ቢያንስ ጠበቃ ያልቆመለት ሰው፣ ራሱ መብቱን ካልተወ በቀር፣ ሊታሰር አይችልም። በዚህ መሠረት እስር ሊከተል በሚችል ክስ ጠበቃ መቅጠር የማይችል ተከሳሽ ገቢውን አሳይቶ መንግሥት እንዲመድብለት መጠየቅ ይችላል። ጥፋተኛ ከተባለ ግን የጠበቃው ወጪ ከፍርድ ቤት ወጪው ጋር ሊጨመርበት ይችላል። ገንዘብ ብቻ በሚያስቀጣ ትኬት ላይ ይህ መብት የለም።

ዜግነት ላላገኘ ሰው አንድ ነገር ይጨመራል። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ለደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስወጣው የሚችል መሆን አለመሆኑን መንገር አለበት ብሏል። አብዛኛው የፍጥነት ጉዳይ ወደዚያ አያደርስም። ሆኖም የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ስለ መያዝና ስለ መከሰስ ይጠይቃል፤ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ክስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወንጀል በሆነ ክስ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ጠበቃውን «የኢሚግሬሽን መዘዙ ምንድን ነው?» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ

ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ያለው የመጨረሻ ቃል አይደለም። የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለሰርኪት ኮርት ይግባኝ ማለት ይችላል። ይህ ይግባኝ በምዕራፍ ሦስት ካየነው ዓይነት ይለያል። የላይኛው ፍርድ ቤት የታችኛው ዳኛ ተሳስቷል አልተሳሳተም ብሎ አይመረምርም፤ ጉዳዩን ጨርሶ እንዳልታየ ቆጥሮ ከዜሮ ይሰማዋል። ምስክሩም ማስረጃውም እንደ አዲስ ይቀርባል፤ የወንጀሉ ክስ በሰባት ሰዎች ዳኝነት (በጁሪ) እንዲታይ መጠየቅም ይቻላል። ቅጣቱ ከመጀመሪያው ሊከብድም እንደሚችል ግን ይታወቅ። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ነው፤ ካለፈ በሩ ይዘጋል።

ቅጣቱን በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ ሰው የክፍያ ስምምነት መጠየቅ ይችላል። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ቅጣት ስላልተከፈለ ብቻ መንጃ ፈቃድ አታግድም። በሌላ ምክንያት ታግዶ ሳለ መንዳት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ጣሪያውም እንደ ግዴለሽነቱ 12 ወር እስር ነው።

ፖቶማክን ሲሻገሩ

ብዙዎቻችን ቨርጂኒያ አድረን ዋሽንግተን ሠርተን ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ እንጠይቃለን። ወንዙን ስንሻገር ሐሳቡ አይለወጥም፤ አሠራሩ ግን ይለወጣል።

በሜሪላንድ ቀላል ትኬት የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ መክፈል፣ ፖሊሱ ሳይመጣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያቱን ለዳኛ ማስረዳት፣ ወይም ሙሉ ክርክር መጠየቅ። ምንም ካልመረጠ መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ዳኛው ሲፈቅድ ደግሞ ፍርዱን ሳይመዘግብ ለተወሰነ ጊዜ በአመክሮ የሚያቆይበት መንገድ አለ፤ በዚህ ጊዜ ነጥብ አይያዝም። በዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ደግሞ አብዛኛው ትንሽ ትኬት ፍርድ ቤት አይደርስም፤ የሚያየው የዲኤምቪ መርማሪ ነው። እዚያም የመመለሻው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ካለፈ ቅጣቱ ይጨምራል።

የሌላ ክፍለ ግዛት ትኬት አይከተለኝም ብሎ መተው አያዋጣም። ሦስቱም ግዛቶች የአሽከርካሪ ጥፋት መረጃን በሚለዋወጡበት ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ የቨርጂኒያው ፍርድ ሜሪላንድ ያለው መዝገብ ላይ ይደርሳል።

በእጅ የሚያዝ ዝርዝር

የምዕራፉን ሐሳብ ወደ ተግባር ስንመልሰው የሚከተለውን ይመስላል። ወረቀቱ በደረሰ ዕለት አንቀጹንና የቀጠሮውን ቀን ያንብቡ፤ ፎቶ ያንሱት። ዕለቱን ሳይረሱ ያዩትን ይጻፉ፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየር ሁኔታ፣ የመንገዱ መጨናነቅ፣ ፖሊሱ የተናገረው። ክሱ ወንጀል ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ፤ የመጀመሪያውን ምክክር በነፃ የሚሰጡ አሉ። ነጥብና ኢንሹራንሱን ሳያሰሉ አይክፈሉ። የአሽከርካሪ መዝገብዎን ያውጡ። አስተርጓሚ ካስፈለገዎ አስቀድመው ይጠይቁ። በቀኑ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ፍተሻ አለ፤ ስልክ የማያስገቡ ፍርድ ቤቶችም ስላሉ ማስረጃዎን በወረቀት ይያዙ። ስምዎ ሲጠራ ይቁሙ፤ ያልገባዎት ነገር ካለ «አልገባኝም» ይበሉ።

ሕግ ይሻሻላል፤ ቁጥሮችም ይለወጣሉ፤ ስለዚህ በእርስዎ ጉዳይ ላይ የመጨረሻውን ቃል ከጠበቃ ይስሙ። የማይለወጠው መሠረቱ ነው፦ የከሰሰ ያስረዳል። ትኬት በእጅዎ ሲገባ «ተቀጣሁ» አይበሉ፤ «ተከሰስኩ» ይበሉና ቀጠሮዎን ያክብሩ።